የገና ዕለት የተዘጋው በር

ከሥራ ስሰናበት ባልደረቦቼ ኬክ አስቆርሰው፣ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። «ንግግር አድርጊ» ሲሉኝ፣ «ስም ስትጽፉ ባለቤቱን ጠይቁ እንጂ አትገምቱ» ብዬ ተቀመጥኩ። የምለው አጥቼ አልነበረም። ዕድሜዬን የሌላ ሰው ንግግር ስጽፍ ስለኖርኩ፣ የራሴ ተራ ሲደርስ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ማለት አሳፈረኝ። አሁን ጊዜው አለኝ፤ የቀረውን በጽሑፍ ልበለው።

የጋዜጣ ሥራ የጀመርኩት ፍርድ ቤት በመዘገብ ነው። ጠባቡ የችሎት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መዋልን፣ ተከሳሽ ሲያለቅስም ዳኛ ሲቆጣም ፊትን አለመለወጥን ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚያ ወደ ትምህርት ዜና ተዛወርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ የሚጮኹ ሰው ነበሩ፤ ከጩኸታቸው የቀረልኝ ነገር የለም። ሁለተኛው አለቃዬ ጋሽ ወርቁ ድምፃቸው የማይሰማ፣ የከተማ ኑሮን ገጽ የሚያዘጋጁ ሰው ነበሩ። እሳቸው ዘንድ የሄድኩት ተቀጥቼ ነው ማለት ይቻላል። የሠርግ፣ የእድርና የበዓል ወሬ የሚጻፍበት ገጽ እንደ ጓዳ ይታይ ነበር። ጓዳውን ወደድኩት፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ቆየሁ። ደመወዙ የጓዳ ደመወዝ ነበር።

ለጋሽ ወርቁ መጀመሪያ ያቀረብኩት ዜና «በዓሉ በድምቀት ተከበረ» የሚል ነበር። አንብበው መለሱልኝ።

«ድምቀት ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ብዙ ሰው ነበር።»

«ወንበሩን ማን አመጣው?»

«ምን?»

«ብዙ ሰው ከነበረ ብዙ ወንበር ነበር። ማን አመጣው? ከማን ቤት ወጣ? ማን መለሰው? ሂጂና ጠይቂ።»

ሄጄ ጠየቅሁ። ወንበሩን ያመጣው ከበዓሉ አዘጋጆች ጋር ዓመት ሙሉ ተኳርፎ የነበረ ሰው ሆኖ ተገኘ። ዜናው እሱ ነበር። ጋሽ ወርቁ ወደ አንድ ሰፈር ሲላኩ መጀመሪያ ምሳ ይበላሉ፤ በማግስቱም እዚያው ይበላሉ፤ ጥያቄ የሚጀምሩት አስተናጋጇ ሳትጠይቃቸው የሚወዱትን ስታቀርብ ነው። ለሹም የሚያነሡት ጥያቄ ሁልጊዜ የመጨረሻው ነበር። «ሹም መልስ አለው፤ ጥያቄው ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ጎረቤቱ ነው» ይሉ ነበር።

እኔም እንደሳቸው ላድርግ ብዬ ቤት የተከራየሁት የካ ውስጥ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ተዳፋት ላይ፣ መምህራን ከሚሠለጥኑበት ኮሌጅ አጥር ሥር ነው። እስከ ዛሬም አልወጣሁም። ከታች ከመገናኛ የሚመጣ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አይመስለውም። ኮሌጁ ከተማችን ነው፤ እኛ ደግሞ የኮሌጁ አገር ነን። ጠዋት ሯጮች ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ ቅጠል የጫኑ አህዮች ይወርዳሉ፤ በመሃል ተማሪዎች ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ በቁልቁለቱ እየተንደረደሩ ወደ ዘውዴ ምግብ ቤት ይገባሉ።

ዘውዴ የዕድሜ እኩያዬ ናት። ተማሪውን በወር ሂሳብ ትቀልባለች፤ መምህራኑን ደግሞ እዚያው ስታከራክር ትውላለች። የታሪክ መምህሩ ከሒሳብ መምህሩ ጋር ሲጨቃጨቅ መሃላቸው ገብታ፣ «ሁለታችሁም በልታችሁ ተነሡ፤ ወንበር የሚጠብቅ ሰው አለ» ትላለች። ከፊት ለፊቷ የከድር ሱቅ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ በር ላይ ሰዉ በቆርኪ ዳማ ይጫወታል። ከድር እየሸጠም ሁለት ሰው ያሸንፋል። የምረቃ ሰሞን ከየክፍለ ሀገሩ የመጡት ልጆች የአገራቸውን ጭፈራ ለሰፈሩ ያሳያሉ፤ የሰፈሩ ሴቶችም በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ያንኑ ጨፍረው ያሳያሉ። የሠርጉ አዳራሽ የኮሌጁ ነው፤ የኮሌጁ ድንኳን ደግሞ የእድራችን።

ስለ እድሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የተማሪዎቹ ዶርም እንደ አንድ ቤት ሆኖ የእድሩ አባል ነው። የአንዱ ልጅ አባት ሩቅ አገር ሲሞት፣ ድንኳኑ ኮሌጁ በር ላይ ይተከላል፤ ልጁ እዚያ ተቀምጦ ሰፈሩ ያስተዛዝነዋል። ይህንን የትም ሰፈር አላየሁም። ስለዚህ ደግሜ ደጋግሜ ጽፌአለሁ።

ሁሉም ጽሑፌ ግን እንዲህ አልሆነልኝም። ከዚህ ሰፈር ማዶ በሚገኝ ሌላ እድር ውስጥ፣ ድንኳኑ ለሠርግ ይከራይ ወይስ አይከራይ በሚል ጠብ ተነሥቶ ስብሰባውን ዘገብኩ። አንድ ሽማግሌ በንዴት «ከእናንተ ጋር ከምቀበር ጅብ ይብላኝ» አሉ። ብለዋል፤ ሰምቻለሁ፤ ጻፍኩት። አንድም ቃል አልተሳሳተም፤ ማስተባበያ የጠየቀኝም የለም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቃል በእኛ ስብሰባ ላይ ይባላል፣ ሌሎች ሽማግሌዎች «ይተዉ እንጂ» ይላሉ፣ ተናጋሪውም ከመውጣቱ በፊት ይመልሰዋል። እሳቸውም ይመልሱት ነበር። ጋዜጣው ሲወጣ ግን ቃሉ የሚነበብ ሆነ፤ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ጠየቋቸው። እድሩ ለሁለት ተከፈለ። ሽማግሌው ሲያርፉ ሁለት ድንኳን ተተከለ፤ ለቀስተኛው የትኛው ውስጥ እንደሚገባ አያውቅም ነበር። ጋሽ ወርቁ ዜናውን እንደገና አንብበው፣ «ትክክል ነው። ግን ስብሰባው ሳያልቅ ነው የወጣሽው» አሉኝ።

ልነግራችሁ ወደፈለግሁት ልምጣ። ጡረታዬ ሲቃረብ የሆነ ነው።

በገና ዕለት ከሰዓት በኋላ በኮሌጁ ሜዳ ላይ ግቢና ሰፈር የገና ጨዋታ ይገጥማሉ። ሜዳው ያዘመመ ስለሆነ ከላይ ወደ ታች የሚመታው ወገን ይቀናዋል፤ ስለዚህ በመሃል ቦታ ይለዋወጣሉ። ሩር የምንላት ኳስ ከወይራ እንጨት የተጠረበች ናት፤ ቁርጭምጭሚት ካገኘች ጥምቀትን በምርኩዝ ታስከብራለች። ሰው የሚጫወተው ለሚሠራበት ሳይሆን ለሚያድርበት ነው። መምህር ዮናስ የኮሌጁ ስፖርት አስተማሪ ቢሆንም፣ ሰፈሩ ውስጥ፣ ዘውዴ ጓሮ ስለተከራየ ለሰፈር ተሰለፈ። ዮናስ ገና ዓመት ያልሞላው፣ በሙከራ ላይ ያለ ቅጥር ነበር። ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ናት። ድምፁ ያማረ ስለሆነ የሰፈሩ ግጥም አውራጅ አደረጉት።

በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ሲባል ሁሉም ሰምቷል። በእኛ ተዳፋት ግን ነገሩ ተከታይ አለው። ያሸነፈው ወገን እየዘፈነ፣ እየሰደበ ወደ ተሸናፊው አለቃ ቤት ይሄዳል። አለቃው በሩን ከፍቶ ያበላቸዋል። በልተው መርቀውት ይወጣሉ፤ የተሰደበው ሁሉ እዚያ ያበቃል። የቀድሞው የኮሌጁ ዲን በየዓመቱ ሲሰደቡና ሲያበሉ ኖረው ነው የተዛወሩት።

አዲሱ ዲን ዶክተር ምሕረቱ የመጡት በዚያው ዓመት ጥቅምት ነው። የኬሚስትሪ ምሁር፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። እንደመጡ በኮሌጁ በር ላይ መታወቂያ ማሳየት ግዴታ አደረጉ። ሜዳው ዳር ቆመው ጨዋታውን አዩ። ሰፈር አሸነፈ፤ ዮናስም ዱላውን ከፍ አድርጎ አወረደ፦

መታወቂያ ሲጠይቅ የከረመው ጌታ፣
ሩሯን ዝም አላት ስትገባ በእርጋታ።

ዶክተሩ ሲስቁ በዓይኔ አይቻለሁ። አጨበጨቡ፤ ከዚያም ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቤታቸው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሰፈሩ እየጨፈረ ደጃቸው ደረሰ። መብራት በርቶ ነበር። ሰዎቹ ሲቀርቡ መብራቱ ጠፋ። አንኳኩ፤ መልስ የለም። እንደገና አንኳኩ። ከኋላ አንዱ «ተኝተዋል እንዴ?» አለ። ሌላው «ዶሮዋን ብቻቸውን እየጨረሱ ነው» አለ። ተሳቀ። ዮናስም የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ስለሆነ አወረደ፦

የዶክተሩማ ቤት መብራቱ ጠፋ፣
እንግዳ ሲመጣ ሌማቱን ደፋ።

ሰው ንፉግ ተብሎ ከተሰደበ፣ ሌባ ቢባል ይሻለዋል። በሩ አልተከፈተም። ሰዉ እየቀዘቀዘ ተበተነ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ተማሪ ከዶርም መስኮት የቀረጸው ቪዲዮ በየስልኩ ይዞር ጀመር። ሜዳው የለበትም፤ ዱላው የለበትም፤ የዲኑ ሳቅም የለበትም። አንድ መምህር ሕዝብ ሰብስቦ በአለቃው ደጅ ላይ ሲሳደብ ብቻ ይታያል። ከበላይ ተደወለ። ዮናስ ማክሰኞ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብ ተነገረው። የሙከራ ሠራተኛ ስለሆነ፣ ኮሚቴ ፊት ከቀረበ መሰናበቱ የታወቀ ነው።

የዜና አለቃዬ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው፤ ደወለልኝ።

«ማዘር፣ ቪዲዮውን አይተሽዋል?»

«ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ያልጻፍነው እኛ ብቻ ነን። ‹መምህሩ ዲናቸውን ሰደቡ› ብለሽ ላኪልኝ፤ ሌላውን እኔ አስተካክላለሁ።»

«አላለቀም።»

«ምኑ ነው ያላለቀው?»

«በሩ ለምን እንደተዘጋ አላወቅሁም።»

ስልኩን ሲዘጋ ተነፈሰ፤ ሰማሁት።

ዘውዴ ቤት ገባሁ። ምሳ ሰዓት ነው፤ ግን ጨዋታ የለም። ዮናስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሹሮውን ሳይነካ ያያል። ዘውዴ አየችኝና ጮክ ብላ፣ «እኚህ ሰውዬ ኩሩ ናቸው፤ የኛን እጅ ተጸይፈው ነው» አለች።

ከድር ለስላሳ ሊያስረክብ ገብቶ ሳጥኑን እያወረደ ነበር። «እኔ እንኳ አይመስለኝም» አለ። «ሱቄ መጥተው ሁልጊዜ ‹እንዴት አደርክ› ይሉኛል።»

«ምን ይገዛሉ?» አልኩት።

«ፓስታ። ቲማቲም። አንዳንዴ ሻማ።»

«ለገና ምን ገዙ?»

አሰበ። «ለገናም ፓስታ፣ እትዬ ሙሉ።»

ተነሥቼ ወደ ኮሌጁ ወጣሁ። የዶክተሩ ቢሮ በር ክፍት ነበር። ለጋዜጣ እንደምሠራ ያውቃሉ፤ ወንበር አሳዩኝና እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣመሩ። ስለ ኮሚቴው ብጠይቃቸው የሚሰጡኝን መልስ አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር፤ ፊታቸው ላይ ይታያል።

«ዶክተር፣ የገና ዕለት ራት ምን በሉ?» አልኳቸው።

መስኮቱን አዩ።

«ምንም አልበላሁም» አሉ።

ፊቴን ሳልለውጥ ተቀመጥኩ። ችሎት ያስተማረኝ ነው።

«ባለቤቴና ልጆቼ ጅማ ናቸው» አሉ ቀስ ብለው። «ለበዓሉ ልሄድ ነበር፤ የፈተና ጉዳይ ያዘኝ። ከሜዳው ስመለስ ጥበቃው ‹ዶክተር፣ እየመጡ ነው፤ ምን አዘጋጁ?› አለኝ። እኔ እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት። ዘፈኑ ሲቀርብ ግን ገባኝ። ያ ሁሉ ሰው ነው። ቤቴ ውስጥ ያለው አንድ ድስት የቀዘቀዘ ፓስታና አንድ ሳህን ነው። ሱቅ እንዳልሄድ በእነሱ መሃል ማለፍ አለብኝ። እኔ ያደግሁት እንግዳ ሲመጣ እናቴ ከጎረቤት ተበድራ በምታቀርብበት ቤት ነው፤ እዚህ ደግሞ የማንኳኳበት ጎረቤት አልነበረኝም። ጎረቤቶቼ በሙሉ ደጄ ላይ ቆመው ይዘፍናሉ። ምን ላድርግ? መብራቱን አጠፋሁ።»

«ይህን ለኮሚቴው ለምን አይነግሩም?»

«ቤቴ ባዶ ነበር ብዬ ቃለ ጉባኤ ላስይዝ?» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ልጁን ላባርረው ፈልጌ አይደለም። ከበላይ ሲጠይቁኝ ግን ምን ልበል? ያዩት ቪዲዮውን ነው። እውነቱን ልናገር ብል፣ ከስድቡ እውነቱ ይብሳል።»

እስክሪብቶዬን ከዘጋሁ በኋላ እንኳ የሰማሁት የእሳቸው ነው፤ ዝም ብዬ ይዤው መውጣት አልችልም። «ይህን ለጋዜጣ ነው የነገሩኝ ወይስ ለጎረቤት?» አልኳቸው።

ያጣመሩትን እጃቸውን ፈቱ።

«ለጋዜጣስ አይሁን» አሉ። «ለጎረቤት ከሆነ... እርስዎ እንደወደዱ።»

ተመልሼ ዘውዴ ቤት ስገባ ዮናስ እዚያው ጥጉ ላይ ነው። የሰማሁትን አንድም ሳልጨምር ነገርኳቸው። እንደ ፍርድ ቤት ዘገባ፣ ማን ምን አለ፣ ምን መለሰ ብቻ። ዘውዴ ማማሰያዋን እንደያዘች ቆመች።

«ፓስታ?» አለች።

«ፓስታ።»

«የቀዘቀዘ?»

«የቀዘቀዘ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዮናስ አንገቱን ደፋ። «እኔ ሌማቱን ደፋ ነው ያልኳቸው» አለ። «ሌማትም የላቸውም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ፤ መብራቱ ሲጠፋ እኔም ከኋላህ ሆኜ እልል ብያለሁ» አለች ዘውዴ። «ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ ልበልህ? ይቅርታ ከጠየቅህ ተሰድበዋል ማለት ነው። እኚህ ሰው ደግሞ መሰደብ አላነሳቸውም። ማብላት ነው ያነሳቸው።»

«እንዴት ያብሉ?» አለ ከድር። «በቪዲዮ?»

«ዝም በል አንተ። ብርጭቆ ስንት አለህ?»

ከዚያ በኋላ እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም የምመክረው አልነበረኝም። እሑድ ከሰዓት ሴቶቹ በኮሌጁ የጓሮ አጥር በኩል፣ ሰፈሩ ውሃ ሊቀዳ በሚሾልክባት ቀዳዳ ገቡ። የዘውዴ ትልቁ የወጥ ድስት ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። እንጀራው በመሶብ፣ አይቡ በሳህን ተከተለ። ከድር ለራሱና ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚሆነውን ሳምቡሳ ባለቤቱ ጠቅልላለት በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው እጁ የብርጭቆ ሳጥን አንጠልጥሎ መጣ። ዶክተር ምሕረቱ የጓዳ በራቸው ሲንኳኳ በቤት ነጠላ ጫማ ወጡ።

«ምንድን ነው?» አሉ።

ዘውዴ ድስቱን በእጃቸው አስታቀፈቻቸው። «የእርስዎ ነው» አለቻቸው። «እኛ አልመጣንም። አሁን በፊት ለፊት በር እንመጣለን። ሲንኳኳ ይክፈቱ።»

ሰውዬው ድስቱን እንደታቀፉ ሲቆሙ ተመለከትኳቸው። ወደ ውስጥ ሲገቡ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላየሁምና አልጽፍም።

ሴቶቹ በአጥሩ ቀዳዳ ወጥተው ዞሩ። በዋናው በር መታወቂያ አሳይተው ገቡ። ጥበቃው አንድ በአንድ እያየ ሲያሳልፍ ማንም አላጉረመረመም። ሜዳው ላይ ከወንዶቹ ጋር ተገናኙ፤ ዱላቸውን ይዘው፣ እየጨፈሩ ሄዱ። ያን ቪዲዮ የቀረጸው ተማሪ ዶርሙ መስኮት ላይ ብቅ ሲል ከድር «ውረድና ብላ፤ ስልኩን እዚያው ተወው» አለው። ወረደ።

ዮናስ አንኳኳ። በሩ ወዲያው ተከፈተ። ዶክተር ምሕረቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ቆመዋል። «ግቡ» አሉ። ወንበር ስላልበቃ ሰው በአልጋው ጠርዝም፣ በመጻሕፍት ካርቶን ላይም ተቀመጠ፤ የቀረው ደጃፉ ላይ ቆመ። ዲኑ ጭልፋውን ለማንም አልሰጡም። ለእያንዳንዱ ሰው ራሳቸው አወጡ። ዮናስ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«ማክሰኞ ጠዋት ክፍል አለህ አይደል?» አሉት።

«አለኝ ዶክተር።»

«እንግዲያው ኮሚቴ ዘንድ ምን ትሠራለህ? ለበላዮቹ የምለውን እኔ አውቃለሁ። ያልተከፈተው በር የኔ ነው።»

ዮናስ ሳህኑን አስቀመጠና ተነሣ። መመረቅ ያለበት እሱ ነበር፤ ግን ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወረ ዘገየ። ከኋላው አንዱ «አውርድ እንጂ፣ ስድብ ሲሆን ይፈጥንህ የለ» አለው። አወረደ፦

ሌማቱ ተቃና መብራቱም በራ፣
ይኑሩልን ጌታ በዚህ ተራራ።

ሰዉ ተቀበለው። ዘውዴ ብቻ ዝም ብላ ትበላ ነበር። አንድ ጊዜ ጎረሰች፤ አላምጣ ዋጠች፤ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «ዶክተር፣ ሙያ አለዎት» አለች። «ወጡ ግን ጨው አንሶታል።»

ዶክተር ምሕረቱ በአክብሮት ጎንበስ አሉላት። «ለከርሞ አስተካክላለሁ» አሉና፣ ሁለተኛ ጭልፋ ጨመሩላት።